የሚበር ወፍ እንዴት ይቆጠራል? ከኛ ሰማይ ተነስተው ኢላት ላይ ስለሚቆጠሩት ንስሮች

በየዓመቱ የካቲት ሲጋመስ፣ ቀይ ባሕር ወደ ሰሜን ሄዶ ሄዶ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ባለችው የእስራኤሏ ኢላት ከተማ፣ ሰዎች ወንበርና ውሃቸውን ይዘው ተራራ ላይ ይወጡና ቀኑን ሙሉ አንጋጠው ይውላሉ። ሥራቸው ወፍ መቁጠር ነው። ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ደሞዝ የላቸውም፣ እንዲያውም ከኪሳቸው ትኬት ቆርጠው ከአውሮፓ የሚመጡ አሉ። ይሄን ለሰው ስትነግሩት አንዱ "ሥራ ፈቶች" ብሎ ያልፋል፣ ሌላው ደግሞ "ቆይ ግን በሰማይ የሚበር ነገር እንዴት ይቆጠራል፣ አንዱን አምስቴ ቢቆጥሩትስ?" ብሎ ይጠይቃል። ይሄን የምጽፈው ለሁለተኛው ሰውዬ ነው። የመጀመሪያውም ቢያነበው አልጠላም፣ ምክንያቱም እዛ ከሚቆጠሩት ወፎች ብዙዎቹ በጋውን እኛ ጋ ከርመው የሚመለሱ ናቸው።

አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ ወሮቹ ግን የኛ ናቸው፣ እንዳትምታቱ።

ለመሆኑ እነዚህ ወፎች ከየት ወዴት ነው የሚሄዱት?

ፍልሰተኛ ወፍ ማለት የሚራባበት አገር ሌላ፣ የሚከርምበት አገር ሌላ የሆነ ወፍ ነው፣ በሁለቱ መሃል በየዓመቱ ይመላለሳል። ብቅ ብሎ የጠፋ ወፍ ሁሉ ግን ፍልሰተኛ አይደለም። የመስቀል ወፍን ውሰዱ፣ በዓመት አንዴ ታይቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ይመስለናል፣ ሰው ሲጠፋብንም "የመስቀል ወፍ ሆንክ" እንላለን፣ ወፍ አዋቂዎቹ ግን የትም አይሄድም ነው የሚሉት፣ የመራቢያ ጊዜው ሲደርስ ወንዱ ላባውን ይቀይርና ዓይን ይስባል፣ ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ እዛው ከኛው ጋ ይኖራል፣ እኛ ነን የማናየው።

የስቴፕ ንስር የሚባለው ግን እውነተኛ መንገደኛ ነው። የሚፈለፈለው ካዛክስታን፣ ሩሲያና ሞንጎሊያ ውስጥ ባለው ማለቂያ የሌለው የሣር ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው በረዶ ሲመታው የሚበላው አይጥ ምናምን ሁሉ ጉድጓድ ይገባበታል፣ ስለዚህ ይነሳና ወደ ደቡብ ይመጣል። በጥቅምትና በኅዳር አረቢያን አቋርጦ የመን ይደርሳል፣ ከዛ ባብ ኤል ማንደብ ላይ ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ተሻግሮ ጅቡቲ ይገባል፣ ከጅቡቲ እኛ ጋ። ከፊሉ እዚሁ ይከርማል፣ ከፊሉ ኬንያን አልፎ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ይቀጥላል። በበጋ አዲስ አበባ ቄራና ቆሻሻ መጣያው አካባቢ ከጭልፊቱና ከጥንብ አንሳው ጋ ተቀላቅለው ከሚያንዣብቡት ትልልቅ ቡናማ ንስሮች ውስጥ ከካዛክስታን ድረስ የመጡ አሉ፣ ማን ብሎ ያስባል።

የሚገርመው በመልሱ የመጡበትን መንገድ አይሄዱም። መከታተያ መሣሪያ የተደረገባቸው ንስሮች እንዳሳዩት በጥርና በየካቲት ከኛ ተነስተው በኤርትራና በሱዳን አድርገው ወደ ሰሜን ይወጣሉ፣ ግብፅ ይገባሉ፣ ሲና በረሃን አቋርጠው በቀይ ባሕር አናት ዞረው ነው ወደ እስያ የሚመለሱት። ማለትም ሲመጡ በባሕሩ በታችኛው ጫፍ፣ ሲሄዱ በላይኛው ጫፍ፣ አንድ ትልቅ ዙር ነው የሚሠሩት። ኢላት ያለችው እዛ ላይኛው ጫፍ ላይ ነው።

ሽመላዎቹም በዚሁ ሰፈር ያልፋሉ። ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣው ነጭ ሽመላ በእስራኤል ሰማይ ላይ ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ያልፋል ይባላል። ይሄን ነገር ቤተ እስራኤሎች ከሳይንቲስቶቹ ቀድመው በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር፣ ጎንደር አካባቢ ልጆቻቸው ሽመላ ሲያልፍ ወደ ሰማይ እየጮሁ ኢየሩሳሌም ደህና መሆኗን ይጠይቁት እንደነበር ዛሬ እስራኤል የሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች ይናገራሉ። ሽመላው በርግጥም በዛ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ጥያቄው ለትክክለኛው መንገደኛ ነው የቀረበው።

ግን ለምን ኢላት ላይ? ሰማዩ ሰፊ አይደል እንዴ?

ሰፊ ነው፣ ለከባድ ወፍ ግን ሰፊ አይደለም። ንስር፣ ሽመላ፣ ጥንብ አንሳ የመሳሰሉት ክንፋቸውን እያርገበገቡ አህጉር ማቋረጥ አይችሉም፣ ጉልበታቸው ያልቃል። የሚጓዙት በሙቅ አየር ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከመሬቱ ላይ የሞቀ አየር እንደ ምሰሶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወፉ እዛ ውስጥ ይገባና ክንፉን ዘርግቶ ክብ እየሠራ አብሮ ይወጣል፣ ከላይ ሲደርስ ይለቅና ወደሚሄድበት አቅጣጫ እየተንሸራተተ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ከዛ ሌላ ሙቅ አየር ፈልጎ እንደገና ይወጣል። ለዚህ ነው ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ የማይነሱት፣ ማታም የሚያርፉት።

ባሕር ላይ ደግሞ እንደዚህ ዓይነት አየር በበቂ የለም። ስለዚህ ባሕር ይፈራሉ፣ ዳር ዳሩን ይዘው መሬት እስኪያገኙ ይዞራሉ፣ በዚህም የተነሳ በሺ ኪሎ ሜትር ላይ ተበታትኖ የነበረው ወፍ ሁሉ ቀይ ባሕር አናት ላይ ሲደርስ ጠባብ ቦታ ላይ ይጨናነቃል። ነገሩን እንዲህ አስቡት፣ ለበዓል ከአዲስ አበባ ስንት ሰው እንደወጣ ለማወቅ ቤት ለቤት እየዞራችሁ በር አታንኳኩም፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆማችሁ የሚወጣውን አውቶቡስ ነው የምትቆጥሩት። ኢላት የወፎቹ መናኸሪያ በር ናት። ሌሎች በሮችም አሉ፣ አንዱ የግብፁ ስዊዝ ነው፣ ሁሉም ወፍ በአንድ በር አይወጣም፣ ይሄን ያዙልኝ በኋላ እንመለስበታለን።

ተራ አላቸው ደግሞ። በየካቲት የስቴፕ ንስሮቹ ናቸው የሚበዙት። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ስቴፕ ባዛርድ የሚባለው፣ ንስር የሚመስል ግን አነስ ያለው ወፍ በብዛት ይመጣል። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሌቫንት ስፓሮውሆክ የሚባለው ትንሽ ጭልፊት መሰል ወፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግልብጥ ብሎ ያልፋል፣ እነዛን ቀናት ከሥራ የቀረ ቆጣሪ የዓመቱን ዳታ አጣ ማለት ነው። ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት መግቢያ ላይ ደግሞ ሃኒ ባዛርድ፣ የተርብ ቀፎ እየፈለፈለ የሚበላው፣ በመቶ ሺዎች ይመጣል።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚቆጥሩት?

መጀመሪያ ቦታ ይመረጣል። አንድ ሰው ብቻ አንድ ተራራ ላይ ቢቆም ንፋሱ ሲቀየር የወፉ መንገድ ወደ ጎን ይገፋና ሳያየው ያልፋል፣ ስለዚህ በተለያዩ ተራሮች ላይ ጣቢያ ይደረጋል፣ ጣቢያዎቹ በሬዲዮ ወይ በስልክ ይነጋገራሉ፣ "ሁለት መቶ ንስር ወዳንተ እየመጣ ነው፣ እኔ ይዤዋለሁ አንተ ተወው" ዓይነት ነገር።

ቆጣሪው ባይኖክላር አለው፣ ለሩቁ ደግሞ በሦስት እግር የቆመ ቴሌስኮፕ፣ እጁ ላይ ጫን ባለው ቁጥር አንድ የሚጨምር ትንሽ የብረት ቆጣሪ። ወፎቹ ሙቅ አየር ውስጥ ተሰብስበው ክብ እየሠሩ ሲወጡ መቁጠር የሚሞክር ጀማሪ ነው፣ እንደ ገብስ ቆሎ እየተገላበጡ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ልምድ ያለው ሰው ይጠብቃል። አናቱ ላይ ደርሰው ሲለቁና አንድ በአንድ ተሰልፈው መንሸራተት ሲጀምሩ፣ ያኔ ነው የሚቆጥረው፣ ሰልፉ እንደ ክር ስለሚዘረጋ።

ጥቂት ሲሆኑ አንድ አንድ ይቆጠራሉ። ሲበዙ በአሥር ነው፣ አሥር ወፍ ቆጥሮ ያ አሥር በሰማዩ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ያይና በዛ ልክ እየዘለለ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ይላል፣ በጣም ሲበዙ ደግሞ በመቶ። ፎቶ አንስተው በኋላ ስክሪን ላይ ቆጥረው ግምታቸውን የሚፈትሹ አሉ፣ እንደዛ እየተፈተሸ ነው ዓይን የሚሠለጥነው።

በየሰዓቱ ወረቀት ላይ ወይ ስልክ ላይ ይመዘገባል፣ ስንት ወፍ፣ ምን ዓይነት፣ ንፋሱ ከየት፣ ደመናው ምን ያህል። የሚገርማችሁ ለቆጣሪ መጥፎ ቀን ማለት ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ ነው፣ ከፍ ብሎ የሚያልፈው ወፍ ሰማያዊው ውስጥ ይጠፋል፣ ነጭ ደመና ሲኖር ግን ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ዕድሜም ከተቻለ ይለያል፣ ወጣት የስቴፕ ንስር ከክንፉ ሥር ነጭ መስመር አለው፣ ትልቁ የለውም። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ቁልፍ ነው፣ ከሚያልፉት ውስጥ ወጣቶቹ ካነሱ መራቢያው አገር ላይ ጫጩት እየተረፈ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላላ።

አንዱን ወፍ ሁለቴ ቢቆጥሩትስ?

ይሄ ነው ሁሉም የሚጠይቀው። ቆጣሪዎቹ በዓይነ ሕሊናቸው አንድ መስመር ያሰምራሉ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዛ ጫፍ፣ ያንን መስመር ወደ ሰሜን ያቋረጠ ወፍ ብቻ ይቆጠራል፣ እላያቸው ላይ እየዞረ የሚጫወተው አይቆጠርም፣ አቋርጦ ተመልሶ የመጣ ካለም ይቀነሳል። ደግሞም በጉዞ ላይ ያለ ንስር የሚቸኩል ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ጥሩ ጎጆ ይይዛል፣ ስለዚህ ትናንት ያለፈው ዛሬ ተመልሶ እንደገና ለመቆጠር አይመጣም።

ስህተት ግን አለ፣ ማንም የለም አይልም። ያመለጠ ወፍ አለ፣ ስሙ የተሳሳተ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ይደክመዋል፣ አንገትም ያማል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ነገሩን የሚስተው፣ ዜና ላይ "ይሄን ያህል መቶ ሺ ንስር ተቆጠረ" ሲባል የዓለም ንስር በሙሉ ተቆጥሮ ያለቀ ይመስለዋል፣ ወይ ደግሞ "ውሸት ነው፣ በትክክል ሊቆጠር አይችልም" ይላል። ሁለቱም የቆጠራውን ዓላማ አላገኙትም። ዓላማው ጠቅላላ ቁጥሩን ማወቅ አይደለም። ዓላማው ዘንድሮን ከአምናና ከዛሬ ሃያ ዓመት ጋር ማወዳደር ነው። በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ወቅት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ዘዴ ከተቆጠረ፣ ስህተቱም በየዓመቱ ተቀራራቢ ይሆናል፣ ስለዚህ ቁጥሩ በግማሽ ቢወርድ የወረደው ስህተቱ አይደለም፣ የሆነ ነገር ተፈጥሯል። የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም፣ ንፋስ ሊሆን ይችላል ያወረደው፣ የሃያ ዓመት ቁጥር ግን ይናገራል።

በጎ ፈቃደኛ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ለአንድ ዓመት ብር የሚሰጥ ድርጅት ይገኛል፣ ለአርባ ዓመት ሳይሰለች በየፀደዩ ሰው ተራራ ላይ እንዲያቆም የሚከፍል ግን ከየት ይመጣል? ጆርጂያ ውስጥ ባቱሚ የሚባል ቦታ በ2008 የተጀመረ ቆጠራ አለ፣ እሱ የመኸር ነው፣ ወፎቹ ወደኛ ሲመጡ ማለት ነው፣ በአንድ ወቅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳኝ ወፍ ይቆጠርበታል፣ ሥራውን የሚሠሩት ከየአገሩ የሚመጡ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ መንደርተኛው ቤት ተከራይተው እየተፈራረቁ።

እና ቁጥሩ ምን ነገረን?

በ1985 ፀደይ ኢላት ላይ ከ850,000 በላይ ሃኒ ባዛርድና 75,000 ገደማ የስቴፕ ንስር ተቆጠረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1987 መኸር፣ እንግሊዛውያን ቆጣሪዎች ጅቡቲ ላይ ባብ ኤል ማንደብ ዳር ቆመው ወደ አፍሪካ የሚገባውን ቆጠሩ፣ ወደ 246,000 አዳኝ ወፍ አገኙ፣ ከዛ ውስጥ ከ76,000 በላይ የስቴፕ ንስር። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። በታችኛው በር የገባውና በላይኛው በር የወጣው ይቀራረባል፣ ዓመቱም ቆጣሪውም የተለያየ ስለሆነ ግጥምጥሞሽ ሊኖርበት ይችላል፣ ቢሆንም ያ ዙር የተባለው ጉዞ ወሬ እንዳልሆነ ገና መከታተያ መሣሪያው ሳይስፋፋ ያመለከተው የቆጣሪዎቹ ጣት ነው።

ከዛ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ኢላት ላይ የሚያልፈው የስቴፕ ንስር ቁጥሩ እየወረደ ሄደ፣ ወጣቶቹም ከድሮው ድርሻቸው አነሰ። እዚህ ጋ ጥሩ ሳይንቲስት ቶሎ "አለቀ!" ብሎ አይጮህም። በሩን ቀይረው ቢሆንስ? በስዊዝ በኩል ሄደው ቢሆንስ? ወይ ጭራሽ አፍሪካ መምጣቱን ትተው ቢሆንስ? ይሄ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፣ ሳዑዲ ውስጥ አንድ የቆሻሻ መጣያ ላይ በ2019 በሺዎች የሚቆጠሩ የስቴፕ ንስሮች ተሰብስበው ተገኝተዋል፣ ኦማን ውስጥም ቆሻሻ መጣያ ላይ የሚከርሙ ብዙ ናቸው። እዛው ጥጋብ ካለ ባሕር ተሻግሮ ቆሼ ድረስ መምጣት ለምን አስፈለገ፣ እኔም ብሆን አልመጣም።

ስለዚህ የኢላት ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፣ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው፣ "ሂዱና ጎጆዎቹን እዩ" የሚል። ሲታዩ ደግሞ መራቢያ አገሮቹ ላይም ቁጥሩ ወርዷል፣ ሜዳው ታርሷል፣ ንስሩ የሚያርፍበት ዛፍ በሌለበት ሜዳ የመብራት ምሰሶ ላይ እያረፈ በኤሌክትሪክ ይሞታል፣ መርዝም አለ። በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የስቴፕ ንስርን የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። በዚህ ውሳኔ ውስጥ የእነዛ ወንበር ላይ አንጋጠው የዋሉ ሰዎች ዳታ አለበት።

ጂፒኤስ እያለ ሰው ለምን ያንጋጥጣል?

ጂፒኤስ ስለ አንድ ንስር ሁሉን ይነግራችኋል፣ ስለ ሌሎቹ አንድ መቶ ሺ ግን ምንም። መሣሪያው ውድ ነው፣ ንስሩንም መያዝ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ጥቂት ወፍ ላይ ብቻ ነው የሚደረገው። ወጪው ደግሞ ያልታሰበ ነው። በ2019 የሩሲያ ተመራማሪዎች ንስሮች ላይ በሲም ካርድ የሚሠራ መሣሪያ አድርገው ነበር፣ ወፉ ኔትወርክ ሲያገኝ ያለበትን ቦታ በቴክስት ይልካል፣ አንዷ ንስር ታዲያ ክረምቱን በሙሉ ካዛክስታን ውስጥ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ትቆይና ሄዳ ሄዳ ኢራን ስትገባ ኔትወርክ ያዘላት፣ ያጠራቀመችውን መልእክት በሙሉ በሮሚንግ ዋጋ ለቀቀችው፣ የፕሮጀክቱ ብር አለቀ። ተመራማሪዎቹ "ለንስሮቹ ካርድ ሙሉላቸው" ብለው ከሕዝብ ገንዘብ ሰበሰቡ፣ በኋላ የቴሌኮም ድርጅቱ ራሱ ዋጋ ቀነሰላቸው። እና ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ መሣሪያው መንገዱን ያሳያል፣ ቆጠራው ብዛቱን።

ማታ የሚያልፉትስ?

ትንንሾቹ ወፎች፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ የሚሄዱት፣ ሙቅ አየር አያስፈልጋቸውም፣ አብዛኞቹ በሌሊት ነው የሚበሩት። እነሱን ከተራራ ላይ አንጋጦ መቁጠር አይሆንም፣ በራዳር ይታያሉ፣ ወይ ጠዋት ለምግብ ሲያርፉ በቀጭን መረብ ተይዘው ተመዝነው እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀላል ቀለበት ይደረግላቸውና ይለቀቃሉ። ኢላት ለዚህ የሚሆን የወፍ ማቆያ ቦታ አላት፣ ድሮ ቆሻሻ መድፊያ የነበረ መሬት ላይ ዛፍ ተተክሎ የተሠራ። ሰሃራን አቋርጦ ከስቶ የደረሰ ወፍ እዛ ጥቂት ቀን በልቶ ክብደቱን መልሶ ይቀጥላል።

ይሄ ሁሉ ለሰው ምን ይጠቅማል?

ወፍ ስለሚወድ ብቻ የሚቆጥር ሰው አለ፣ ለኔ ያ በቂ ምክንያት ነው፣ ግን በቂ ላልሆነለት ሰው አውሮፕላንን አነሳለታለሁ። የእስራኤል አየር ኃይል በወፍ ግጭት ተዋጊ ጄት እያጣ፣ አብራሪም እየሞተበት ነበር። በ1980ዎቹ ዮሲ ለሸም የሚባሉ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መሬት ላይ ቆጣሪዎችን አሰልፈው፣ ራዳር ጨምረው፣ ራሳቸው ሞተር ባለው ቀላል ግላይደር ከሽመላና ከንስር ጋር እየበረሩ የትኛው ወፍ በየትኛው ሳምንት በስንት ሰዓት በምን ከፍታ እንደሚያልፍ ካርታ ሠሩ። አየር ኃይሉ በዛ ካርታ መሠረት በፍልሰት ወቅት ጄቶቹን ከወፎቹ መንገድ አራቀ፣ ግጭቱም በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ።

እኛም ይሄን በደንብ እናውቀዋለን። በ1988 መስከረም 5 ቀን፣ በኛ 1981 ዓ.ም. ማለት ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 604 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተር ውስጥ ገብቶ አውሮፕላኑ ተከሰከሰ፣ ከ104 ሰው 35ቱ አለፉ። እነዛ ርግቦች ፍልሰተኛ አልነበሩም፣ የዛው የአገሩ ርግቦች ናቸው፣ ግን ነገሩ አንድ ነው፣ ሜዳው አካባቢ ምን ወፍ በምን ሰዓት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ሳይቆጠር አይታወቅም።

የንፋስ ኃይል ማመንጫም ሌላው ነው። ግብፅ ስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያሉት ተርባይኖች ጋ በፍልሰት ወቅት ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ ትልቅ መንጋ ሲመጣ ይደውሉና ተርባይኑ ለጊዜው ይቆማል፣ ካለፉ በኋላ ይቀጥላል። እኛም አዳማና አሸጎዳ ላይ ተክለናል፣ ገና ብዙ እንተክላለን፣ የትኛው ቦታ ላይ ወፍ እንደሚበዛ ቀድሞ ማወቅ ከተተከለ በኋላ ከማዘን ይረክሳል። የመብራት መስመርም እንደዛው ነው፣ ፖርት ሱዳን ላይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የነበረ አንድ መስመር የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለውን ነጭ ወፍ ለአሥርት ዓመታት ሲገድል ኖሮ በ2014 ነው የተቀየረው። ያ ወፍ ከቡልጋሪያና ከግሪክ ተነስቶ የሚከርመው እኛ ጋ ነው፣ አፋር ውስጥ በብዛት ተሰብስቦ ያድራል። ቡልጋሪያ ላይ ብዙ ብር ወጥቶ ጎጆው ቢጠበቅ ሱዳን ላይ አንድ ሽቦ ከገደለው ምን ዋጋ አለው፣ ፍልሰተኛ ወፍን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይሄ ነው፣ አንድ አገር ብቻውን ሊያድነው አይችልም።

እኛ ጋ ቆጠራ አለ?

አለ። ትልቁ የጥር የውሃ ወፎች ቆጠራ ነው፣ በ1967 የተጀመረ ዓለም አቀፍ ቆጠራ አካል ነው፣ ዝዋይ፣ አብያታ፣ ጣና የመሳሰሉ ሐይቆች ላይ ዳክዬው፣ ፍላሚንጎው፣ ፔሊካኑ ሁሉ ይቆጠራል። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ነው፣ በጎ ፈቃደኞችም ይሳተፋሉ። በጥር የሚደረገው ያኔ ፍልሰተኞቹ አርፈው የሚከርሙበት ጊዜ ስለሆነ ነው፣ ቁጭ ያለ ወፍ ከሚበር ወፍ ይሻላል ለመቁጠር።

በግልህ መቁጠር ለምትፈልግ ደግሞ ኢበርድ የሚባል ነጻ የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ አለ፣ አፕም አለው፣ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከልና ኦዱቦን የሚባለው ማኅበር በ2002 የጀመሩት። ከ2015 ወዲህ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ሜይ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ በኛ ግንቦት መግቢያ አካባቢ፣ በመላው ዓለም ሰው በአንድ ቀን ወጥቶ ያየውን ይመዘግባል። ለኛ ግን እውነት ለመናገር ያ ቀን ትንሽ ይዘገያል፣ አብዛኞቹ እንግዶች ያኔ ሄደዋል፣ የየካቲትና የመጋቢት ቅዳሜዎች ይሻላሉ፣ ምዝገባው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

አንድ ቦታ ትመርጣለህ፣ የእንጦጦ ጫካ ይሁን የሰፈርህ ወንዝ ዳር፣ አሥራ አምስት ደቂቃም ይበቃል፣ ያየኸውን የምታውቀውን ወፍ በሙሉ ከነቁጥሩ ትጽፋለህ፣ "ብዙ" ብለህ አትለፍ፣ ገምተህም ቢሆን ቁጥር ስጥ። ብርቅ የሆነውን ብቻ መጻፍ የብዙ ጀማሪ ጥፋት ነው፣ የተራውን ቁራና ድንቢጥም ጻፍ፣ ምክንያቱም ያየሁትን በሙሉ ጽፌያለሁ ካልክ ያልጻፍከው ወፍ "አልነበረም" ማለት ነው፣ ያ አልነበረም የሚለው ራሱ ዳታ ነው፣ ወፍ መጥፋቱ የሚታወቀው በዜሮው ነው። ውሸት ቢጻፍስ ካልክ ደግሞ ለቦታውና ለወቅቱ የማይመስል ቁጥር ወይ ወፍ ሲገባ ሲስተሙ ምልክት ያደርግበታል፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አይቶ ፎቶ አለህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፣ ካላመነበት ለጥናት አይገባም።

ቀለበት ወይም መሣሪያ ያለው ወፍ ብናገኝስ?

ሰላይ አይደለም። ይሄን የምለው የሚያስቅ ግን የሆነ ነገር ስላለ ነው፣ በ2013 ግብፅ ውስጥ ጀርባው ላይ መሣሪያ ያለበት ሽመላ ተይዞ ሰላይ ነው ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ነበር፣ ሜኔስ የሚል ስም ወጥቶለት ተፈታ፣ ከተፈታ በኋላ ግን ሰዎች ይዘው በሉት። መሣሪያው ወፉ የት እንዳለ ነው የሚናገረው፣ ሌላ ነገር አያይም አይሰማም።

ወፉ በሕይወት ካለ ቀለበቱን አታውልቁ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥርና ፊደል እንዳለ ጻፉት፣ ከነአድራሻው ፎቶ አንሱት፣ ያገኛችሁበትን ቀንና ቦታ ጨምሩና ልቀቁት። ሞቶ ካገኛችሁትም ቁጥሩ ይፈለጋል፣ በምን እንደሞተ የሚገመት ነገር ካለ፣ ሽቦ ሥር ከሆነ ለምሳሌ፣ እሱንም ጻፉ። ቀለበቱ ላይ ያለው አድራሻ ላይ ወይ ከላይ ለጠቀስኩት ማኅበር ብትልኩት ለባለቤቱ ይደርሳል፣ እነሱም ብዙ ጊዜ መልሰው ወፉ የት አገር፣ መቼ ቀለበት እንደተደረገለት ይጽፉላችኋል።